የቁልፍ ቁልፍ

ባለፈው ወር አንድ የማተሚያ ሙዚየም ገባሁና ሊኖታይፕ ሲሠራ አየሁ። ቤት ስመለስ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማታውኑ አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክር (የውይይት ርዕስ) ከፈትኩ። 31 መልስ መጣ። ሲሶው ከርዕሱ ወጥቷል፤ ሁለቱ ጭቅጭቅ ብቻ ናቸው። የቀሩት ግን እኔን ራሴን አሳምረው አረሙኝ። መልሶቹን እንዳሉ ከምገለብጣቸው፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ላውራችሁ።

የጻፍኩት እንዲህ ነበር። ሊኖታይፕ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የጋዜጣ ጽሑፍ የሚለቀምበት፣ ማለትም ለኅትመት ፊደሉ የሚደረደርበት ማሽን ነው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ጸሐፊው ኪቦርዱ ፊት ይቀመጣል። ከግራው በኩል ደግሞ የቀለጠ እርሳስ የያዘ ድስት አለ፤ ሙቀቱ 285 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከእጁ እስከ ድስቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። የሙዚየሙ ሰው እንድነካ ፈቀደልኝ። የእንግሊዝኛዋን ‹ኢ› ተጫንኩና ደንግጬ ጣቴን ሳላነሳ ቆየሁ። ከላይ የናስ ቁርጥራጮች ተከታትለው መውረድ ጀመሩ፤ ‹ኢ› በ‹ኢ› ላይ። የሚያስቆማቸው አልነበረም። ሰውየው ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ከዚያ ተነስቼ ነው ፍርዴን የሰጠሁት። ይህን ማሽን የሠሩት ሰዎች ከሰው ይልቅ ፍጥነት ያስጨነቃቸው ናቸው፤ ያን ያህል የጋለ ብረት ጎን ያለ ኪቦርድ መቆለፊያ ሊኖረው ይገባ ነበር አልኩ። ከዚያ ጥያቄ አስከተልኩ። የቁልፉ ቁልፍ የት ነው?

መላሾቹን በመጀመሪያ መልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ቋንቋችን መጀመሪያ ያሳሳተው ቁጥር 1ን ነው። ሰውየው ትሑት ነው፤ አመስግኖ ጀመረ። ከዚያ ስልኬ ኪስ ውስጥ እያለ ኪቦርዱ በራሱ እንዳይጻፍ ከፈለግኩ ስክሪን መቆለፊያውን ማብራት እንደሚበቃ መከረኝ። ቁጥር 2 መጥታ አስተካከለችው። በአማርኛ የሚጫኑትም ቁልፍ ነው፣ የሚቆልፈውም ቁልፍ ነው፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለውም ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው አይፈረድበትም አለች። ቁጥር 1 ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። የሄደ መስሎን ነበር።

ቁጥር 3 ክሩን ክር ያደረጉት ናቸው። አዛውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ተማሪ ሳሉ ማታ ማታ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ሊኖታይፕ ላይ ይሠሩ ነበር። ልጄ ብለው ጀመሩ፤ ቀጥለው ግን ልክ ልኬን ነገሩኝ። ኪቦርዱና ድስቱ አይተዋወቁም አሉ። ቁልፍ ስትጫን እርሳስ አይነቃነቅም። የሚሆነው ሌላ ነው። ከኪቦርዱ ሥር ዘወትር የሚሽከረከሩ ሁለት የጎማ በርሜሎች አሉ። ቁልፉ ሲነካ አንዲት ትንሽ ካም (ክብነቷ ያልተስተካከለ፣ ስትዞር ሌላውን የምትገፋ ብረት) ጎማው ላይ ትወድቃለች። ጎማው አንድ ዙር ያዞራታል፤ እሷም ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ትገፋለች። ዘንጉ የማጋዚኑን (ከላይ ያለውን የናሶች ማከማቻ) በር ከፍቶ አንዲት ማትሪክስ ይለቃል። ማትሪክስ ማለት የፊደሉ ቅርጽ ጎኗ ላይ ጎድጉዶ የተቀረጸባት የናስ ቅጠል ናት። ያቺ ናስ ተንሸራታ መስመሯን ትይዛለች፤ የጣቴ ሥራ እዚያ ያበቃል አሉ።

እርሳሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መስመሩ ሲሞላ ጸሐፊው በቀኝ እጁ ማንሻ ይጫናል። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ብቻውን ነው። ናሶቹን ይዞ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ሞርሳው ያወርዳቸዋል፣ በቃላቱ መካከል ያሉትን ሽብልቆች ከታች ገፍቶ መስመሩን ይወጥራል፣ እርሳሱን ያፈስሳል። ሙሉው መስመር የወጣበት አንድ ወጥ የእርሳስ ዘንግ ይሆናል። የማሽኑ ስምም ከዚያው ነው፤ የፊደል መስመር ማለት ነው። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ሁሉ የሚቀጥለውን መስመር እየጻፈ ነው። የፊተኛው ካላለቀ ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ ኪቦርዱ በየመስመሩ ቢቆለፍ ማሽኑን መግዛት ለምን አስፈለገ? ይህን ጠይቀው ተሰናበቱ።

እኔ አንብቤው ዝም አልኩ። ትክክል ናቸው። ግን ሙሉ በሙሉ አልተረታሁም።

ቁጥር 4 ወጣት የሜካኒካል ኢንጂነር ነው። ጥያቄው ጥሩ ነበር። መቆለፊያው ኪቦርዱ ላይ ካልሆነ የግድ ሌላ ቦታ መኖር አለበት፤ ያለ መቆለፊያ ይህ ማሽን አንድ ሳምንት አይሠራም አለ። ጋሼ ቁጥር 3 የት የት እንዳለ ቢነግሩን ብሎ በአክብሮት ለመነ።

አዛውንቱ በቁጥር 5 መለሱ፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሁለቱን ዋናዎች ነገሩን። የመጀመሪያው መስመሩ ሲረዝም ነው። ጸሐፊው ስግብግብ ሆኖ አንድ ፊደል ቢጨምር ናሶቹ የሞርሳው መንጋጋ ውስጥ አይገቡም። ወራጁ ክፍል እስከ ታች ካልደረሰ ደግሞ ማሽኑ ራሱን ያቆማል። ባያቆም ኖሮ ሻጋታው ወደ ፊት ሲመጣ የናሶቹን ጆሮ ይጨፈልቃቸው ነበር። ሁለተኛው መስመሩ ሲያጥር ነው፤ እሱ ይብሳል። ሽብልቆቹ ተገፍተው ተገፍተው መስመሩ አሁንም ከላላ በናሶቹ መካከል ክፍተት አለ ማለት ነው። እርሳሱ ቢለቀቅ በክፍተቱ ይረጫል። ስለዚህ የቀኙ መንጋጋ ሚዛን ሆኖ ይሠራል። መስመሩ ሞልቶ መንጋጋውን በጥቂቱ ካልገፋው የድስቱ ፒስተን ወደ ታች አይወርድም። ማሽኑ ዙሩን በባዶ ይጨርሳል። እርሳስ የለም፣ ዘንግ የለም፣ ሸሚዝ አይቃጠልም። እሳቸው ያሉት በአጭሩ፣ ሙቀቱን የሚጠብቀው ዘበኛ ጣት ላይ የተቀመጠ ሳይሆን የድስቱ በር ላይ የቆመ መሆኑን ነው።

ቁጥር 6 አጭር ነው። አባቱ ኬንያ ማተሚያ ቤት ይሠሩ ነበር። ያ ሁለተኛው ዘበኛ በሞላው መድከም ምክንያት አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶት የአባቱን ሱሪ ቀዳድቷል። ሱሪው እስካሁን አለ ይላል። ማተሚያ ቤቱን አልጠቀሰም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ቁጥር 7 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሰውየው ማንንም ሰላም አላለም። ለሞተ ማሽን ስታለቅሱ አታፍሩም ወይ ዓይነት ነገር ነው። ሰዎች እርሳስ እየተነፈሱ ሲመረዙ ኖረው እናንተ ስለ ሞላ ታወራላችሁ፤ እውነተኛው የደህንነት ጥያቄ ሳንባ ነው አለ። ደግሞም አዛውንቱን አንተ ብሎ ጠራቸው። ይህችን ያዙልኝ።

ጥሩው ነገር ቁጥር 8 ኬሚስት ሆና መገኘቷ ነው። አልተቆጣችም። ግማሹ እውነት ነው አለችው። የሊኖታይፕ ብረት በግምት 84 በመቶ እርሳስ፣ 12 በመቶ አንቲሞኒ፣ 4 በመቶ ቆርቆሮ ነው። በዚያ ድስት ሙቀት ግን እርሳሱ ራሱ የሚተነው እጅግ በጥቂቱ ነው። ችግሩ ከላይ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ ነው። ያንን ሲጠርጉ ብናኝ ይነሳል። ከዚያ እጅ ሳይታጠቡ ዳቦ መብላት ይመጣል። ከዚህም ሌላ እርጥብ ብረት ድስቱ ውስጥ መክተት አለ፤ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ይሆንና ድስቱ ይፈነዳል። ለዚህ የትኛውም የኪቦርድ መቆለፊያ አይረዳም ብላ ዘጋች። ቁጥር 9 ገባና እሱ የሚያውቃቸው የማተሚያ ሠራተኞች በየቀኑ ወተት ይሰጣቸው እንደነበር ተናገረ። ቁጥር 10 ደግሞ ጋራዥ ቀለም የሚረጩትም ወተት ይጠጣሉ አለ። ኬሚስቷ ተመልሳ ወተት ሆድ ከመሙላት በቀር እርሳስን እንደማይከላከል ስታስረዳ አራት ሰው ተበሳጨ። ወተት መንካት ከባድ ነው።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ቁጥር 12 ነው። ያ የ‹ኢ› ዝናቤ ምን እንደነበረ ገለጠልኝ። ጣቴን ስላላነሳሁ ካሟ መዞሯን ቀጠለች እንጂ ማሽኑ አልተበላሸም። እንዲያውም ለመደጋገም የሚመች ነው። የተበላሸ ማሽንማ ጣትህን አንስተህም ይደግማል አለ። የጎማው በርሜል ሲያልቅ ወይም ካሟ በቅባትና በአቧራ ስትላቁጥ ወይ ሁለት ናስ ትጥላለች ወይ ምንም አትጥልም። መድኃኒቱ ካሞቹን በቤንዚን ማጠብ ነበር። ከሚንተከተከው ድስት አጠገብ ቤንዚን! ቁጥር 7 ይህን አይቶ ዝም ማለቱ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ወደ ስህተት ገባን። ቁጥር 13 በቤተ መዛግብት የምትሠራ ሴት ናት። ድሮ ጋዜጦች ላይ ኢታኦይን ሽርድሉ የሚል ትርጉም የለሽ ቃል ታገኝ ነበር። የሰው ስም መስሏት እንደነበር በራሷ እየሳቀች ነገረችን። ነገሩ እንዲህ ነው። የሊኖታይፕ ኪቦርድ 90 ቁልፍ አለው። በግራ 30 ጥቁሮች ለትንንሽ ፊደላት፣ በመሀል 30 ሰማያዊዎች ለቁጥርና ለነጥቦች፣ በቀኝ 30 ነጮች ለትልልቆቹ። ፊደሎቹ የተደረደሩት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በሚበዙበት ቅደም ተከተል ነው። ጸሐፊው መስመር ሲሳሳት መልቀምና ማረም ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ጣቱን ኢታኦይን ሽርድሉ በሚሉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓምዶች ላይ ከላይ ወደ ታች ያንሸራትትና መስመሩን ሞልቶ ይልከዋል፤ የእርሳስ ዘንጉ በኋላ ይጣላል። አራሚው ሳያየው ሲያልፍ ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

ለምን መሙላት አስፈለገው? መልሱ የአዛውንቱ ቁጥር 5 ላይ አለ። ያላለቀ መስመር ቢልክ ሁለተኛው ዘበኛ ፒስተኑን ይይዝበታል። ቁጥር 14 ይህን ሲያያይዘው በጣም ደስ አለኝ። ያ የጅል ቃል የተወለደው ከመቆለፊያው ነው ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ዘበኛውን እንደማያልፉት ስላወቁ በቆሻሻ ይመግቡት ነበር።

ከዚያ ቁጥር 15 መጣ። ይህ ሰው የድሮ የፈጠራ ሰነዶች ማንበብ ይወዳል። አዛውንቱን በትሕትና አረማቸው። ኪቦርድ የሚቆለፍበት ሁኔታ አለ፤ ያውም አሳማኝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች አንድ ማጋዚን ብቻ ነበራቸው። በኋላ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ማጋዚን የሚይዙ መጡ። የፊደል ዓይነት ለመለወጥ ማጋዚኖቹን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ማጋዚኑ በመንገድ ላይ ሳለ አንድ ሰው ቁልፍ ቢነካስ? ቀጭኑ ዘንግ ወደ ላይ ይወጣል፣ በሩ ግን ቦታው ላይ የለም። ዘንጉ ይጎብጣል፤ ወይም ናሷ በግማሽ ወጥታ ትያዝና ማጋዚኑ ሲመለስ ትሰበራለች። ስለዚህ ዘንጎቹን ከማጋዚኑ የሚያላቅቅና ለዚያች ጊዜ ቁልፎቹን የሚይዝ መሣሪያ ተፈለሰፈ። የሠሪዎቹ ድርጅቶች በዚህ ላይ እየተፎካከሩ ፈጠራ አስመዝግበዋል። ጠያቂው የፈለገው የቁልፍ ቁልፍ ይኸው ነው አለና አዛውንቱ ምን ይላሉ ብሎ ጨረሰ።

አዛውንቱ በቁጥር 16 አመኑ። እሳቸው የሠሩበት ባለ አንድ ማጋዚን አሮጌ ስለነበር እንደዚያ ዓይነቱን በእጃቸው አልነኩትም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ አሉን። ያም መቆለፊያ ቢሆን የሚጠብቀው ሰውን አይደለም፤ ናስና ዘንግን ነው። ሰው ቢሆን በነጻ ይተካል፣ ናስ ግን በገንዘብ ይገዛል። ይህን የጻፉት እየቀለዱ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። የእኔን የመጀመሪያ ክስ በጓሮ በር ያስገቡልኝ ግን መሰለኝ።

አሁን ቁጥር 7 ተመለሰ። አይ፣ አንተ ራስህ አመንክ አይደል ብሎ አዛውንቱን ያዛቸው። ቁጥር 18 ዘለለችበት። እዚህ መድረክ ላይ አባት የሚሆኑ ሰው አንተ ተብለው አይጠሩም፤ እርስዎ ማለት ካቃተህ ስልክህን አስቀምጥ አለችው። እሱ በኢንተርኔት ሁሉም እኩል ነው ብሎ መለሰ። እሷ ደግሞ እኩልነትና ብልግና ለየቅል ናቸው አለች። በመሀል አንድ ሰው የሳቅ ምልክት ብቻ ለጠፈና ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ። አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው ያበረዱት። ማተሚያ ቤት ውስጥ የሃያ ዓመት ልጅ ፎርማን ሆኖ ይሰድባቸው እንደነበር፣ አንተ መባል እንደማይገድላቸው ጻፉ። ቁጥር 7 ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አለ። ይቅርታ ግን አላለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቁጥር 21 ሞኖታይፕን ይዞ ገባ። ለእኔ አዲስ ነበር። ሊኖታይፕ እርሳሱን መስመር በመስመር ሲያፈስስ ሞኖታይፕ ፊደል በፊደል ነው። ቶልበርት ላንስተን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1887 የፈጠራ መብቱን ያገኘበት ማሽን ነው። ዋናው ብልሃቱ ኪቦርዱን ከእሳቱ መነጠሉ ነው። ኪቦርዱ አንድ ማሽን፣ ማቅለጫው ሌላ ማሽን፤ ብዙ ጊዜም በተለያየ ክፍል ውስጥ። ቁልፉ ሲነካ የታመቀ አየር የወረቀት ጥቅል ይበሳል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይደወላል። ጸሐፊው ከፊቱ ባለች በርሜል ላይ ሁለት ቁጥር ያነብና በዚያው ቁጥር ያሉትን ሁለት ቀይ ቁልፎች ይጫናል፤ የክፍተቶቹ ስፋት ማለት ነው። ከዚያ ጥቅሉ ወደ ማቅለጫው ይሄዳል። ማቅለጫው የሚያነበው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው! ለምን ቢባል የክፍተቱን መጠን ከፊደሎቹ በፊት ማወቅ ስላለበት። ሰውየው የሚለው፣ እኔ የጠየቅኩትን መቆለፊያ በግድግዳ ተክተውታል ነው። ጣት እዚህ፣ እሳት እዚያ። ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። ቁጥር 4፣ ኢንጂነሩ፣ ሦስት ጊዜ አመሰገነው።

ቁጥር 22 ላይ ሐበሻነታችን ተነሳ። ፊደላችን 33 በ7 ነው፤ 231። ሊኖታይፕ 90 ቁልፍ ብቻ ስላለው ለእኛ አይሆንም ነበር ተባለ። ቁጥር 23 አረመ። አንዲቷ ናስ ሁለት ቅርጽ እንድትይዝ ይደረግ ነበር፤ ለምሳሌ ቀጥ ያለውንና ዘመም ያለውን። እንደዚያ ከተቆጠረ 90 ሲባዛ 2፣ 180 ይሆናል። አሁንም አይበቃም። ሞኖታይፕ ግን የናሶቹን ሳጥን 15 በ15 አድርጎ 225 ይይዝ ነበር። በስድስት አነሰን! ብሎ አዘነ። ቁጥር 24 ደስ አሰኘው፤ በኋላ 15 በ17 የሆነ ሳጥን ስለመጣ 255 ይገባ ነበር። ቁጥር 25 ደግሞ ዲቃላዎቹንና ሁለት ነጥብን፣ አራት ነጥብን የት ልታስገቡ ነው ብላ ሒሳቡን በሙሉ አፈረሰችው። እኔ ይህን ሲነጋገሩ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተቀምጬ አነበብኩ። ሥራ ነበረብኝ።

እሷው ቁጥር 25 አንድ ነገር አስታወሰችን። በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ የሚባል ሙያ ነበር። የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀመ በእጁ ይደረድራል። የእሱ መቆለፊያ ገመድ ነበር አለች። ገጹ ሲያልቅ ዙሪያውን በገመድ ይታሰራል፤ ካልታሰረ ይበተናል። ስንት ፊደል እንደሚበተን አስቡት።

ቁጥር 26 እናቱ ጸሐፊ ነበሩ። እውነተኛው የኪቦርድ መቆለፊያ የታይፕራይተሩ ነው ይላል። ጠርዝ ላይ ስትቃረብ ደወል ትጮሃለች። አልሰማህም ብለህ ከቀጠልክ ቁልፎቹ ድርቅ ይላሉ። አንድ ፊደል ብቻ ቀርቶህ ከሆነ ጥግ ላይ ያለችውን የጠርዝ መልቀቂያ ተጭነህ ታስገባታለህ። እናቱ ያችን ቁልፍ ምሕረት ይሏት ነበር። እኔም እቤታችን የነበረው ታይፕራይተር ትዝ አለኝ። የአማርኛ ታይፕራይተር ከተነሳ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም መነሳቱ አይቀርም፤ ተነሳም። ከዚያ ክሩ ተበጠሰ። የትኛው የስልክ የአማርኛ ኪቦርድ ይሻላል ወደሚለው ሄደ። ቁጥር 1 ተመልሶ መጣ! ደስታው ልዩ ነበር። በመጨረሻ እሱ በሚያውቀው ጉዳይ ተገናኘን። ቁጥር 27፣ 28 እና 29 በዚሁ አለቁ፤ ስለ ‹ሀ›፣ ‹ሐ› እና ‹ኀ› የሚደረገው የታወቀው ጠብ ስለሆነ ልለፈው።

እኔ በቁጥር 30 ገባሁ። ፍርዴን አሻሻልኩ። ሊኖታይፕን የፈለሰፈው ኦትማር መርገንታለር ጀርመን ውስጥ የሰዓት ሥራ የተማረ ሰው ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ ባልቲሞር ሠራው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1886 ኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ቤት ሥራ ጀመረ። በዚያው ዘመን ፔጅ የሚባል ሰው የሠራው ሌላ ማሽን ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እንደ ሰው እጅ ይደረድራል ተብሎ 18,000 ያህል ክፍል ታጨቀበት። ዛሬ አንዱ ሲሠራ ነገ ሌላው ይሰበራል፤ ማርክ ትዌይን ሀብቱን ያፈሰሰበት እሱ ነው፤ ከሰረም። የመርገንታለር ማሽን ያሸነፈው ሲሳሳት መቆም ስለሚያውቅ ነው አልኩ። ያገለገሉትን ናሶች ወደየቦታቸው የሚመልሰው ማከፋፈያ ላይ አንዷ ከተጣበቀች ማከፋፈያው ይቆማል። መስመር ከረዘመ ሞርሳው ያስቆማል። የሆነ ነገር መሀል ከገባ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ኒውዮርክ ታይምስ እስከ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1978 ድረስ በዚህ ማሽን ሲለቅም የኖረው ለዚህ ይመስለኛል። መሐንዲሶቹን ተሳድቤ ከነበረ ቃሌን አነሳለሁ። ግን የአዛውንቱን የናስና የሰው ንግግር አልረሳሁም፤ እሱን አላነሳም።

ቁጥር 31 የአዛውንቱ ነው፤ መጨረሻውም እሱ ነው። አንድ መቆለፊያ ሁላችሁም ረስታችኋል አሉን። በአሮጌው ማሽን ማጋዚኑን ከማውረድህ በፊት አፉ ላይ አንድ ዘንግ ታስገባለህ፤ ናሶቹ እንዳይፈስሱ። ቀላል ዘንግ ናት፤ ማሽን አያስገባትም፣ ሰው ነው የሚያስገባት። አንድ ሌሊት ደክሟቸው ረሷት። ማጋዚኑን ዘንበል ሲያደርጉት 90 መንገድ፣ በእያንዳንዱ 20 ገደማ ናስ፣ 1,800 ያህል ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ድምፁ የሳንቲም ዝናብ ይመስል ነበር። ተንበርክከው ለቀሙ። በእጅ መለየት ግን አላስፈለጋቸውም። እያንዳንዷ ናስ አናቷ ላይ የራሷ የጥርስ አቀራረጽ አላት፤ ማከፋፈያው በዚያ ነው የሚለያት። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ለማሽኑ መልሰው አጎረሱት፤ እሱም እያንዳንዷን ወደ ቤቷ አስገባ። ፎርማኑ ሲመጣ ሁሉም ቦታው ነበር። አንዲት ‹ኢ› ብቻ ጠፍታ ከሦስት ወር በኋላ ከማሞቂያው ሥር ተገኘች። እስካሁን ኪሳቸው ውስጥ ናት።